ኮፒ ናት ያልናት ሰዓት

በቴሌግራም ያለችን የሰዓት ወዳጆች ቡድን ትንሽ ናት። ከአዳማ፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ የተሰባሰብን አርባ የማንሞላ ሰዎች ነን። የምንሰበስበው የጠላቂ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ወፍራም መስታወትና የሚሽከረከር ቀለበት ያለው፣ በጨለማ የሚያበራው። አብዛኞቻችን ባሕር አይተን አናውቅም። ግማሹ ሰዓታችን ደግሞ ኮፒ ነው። ኮፒውን እንገዛለን፣ እንፈታዋለን፣ ቆጣሪውን እንቀይራለን፣ ፊቱን እንቀባለን፣ ከዚያ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ማንም ማንንም አይንቅም። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ ኮፒ ከሆነ ኮፒ ነው ብለህ ጻፍ። ኮፒውን ኦሪጅናል ነው ብሎ የለጠፈ በዚያው ቀን ይባረራል።

ባለፈው ጥር አንዲት የቆየች ሰዓት ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። መሳይ የሚባል የሐዋሳ ልጅ ወዲያው «ሲና፣ ይቺ ኮፒ ናት ኦሪጅናል?» ብሎ ጠየቀኝ። የአንድ ቃል መልስ ነበር የሚበቃው። ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁ፣ በመጨረሻ ስልኩን ዘጋሁት። ያቺ ሰዓት በእኛ ቤት ለአሥራ ስድስት ዓመት ኮፒ ስትባል ኖራለች። ኮፒ ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አባቴ ገሠሠ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ተሳቢ ነው የሚነዳው። አዳማ ቤታችን የሚያድረው በወር አምስት ስድስት ቀን ቢሆን ነው። ከያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ ከሸሚዙ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰዓት ያወጣል። ሰዓቱን የሚያገኝለት ሳሊህ ነው። ሳሊህ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ሲሆን፣ ለእኔ ግን ከስልክ ውስጥ የሚወጣ ሳቅ ብቻ ነበር። ሰዓቶቹ ሁሉ ኮፒ ነበሩ፤ አባቴ ግን አያፍርባቸውም። «ኮፒ ማለት ገና ያላለቀ ሰዓት ነው፤ እኛ እንጨርሰዋለን» ይለኛል።

ከሰዓቶቹ ፊት ላይ በትንንሽ ፊደል ሁለት መቶ ሜትር የሚል ተጽፎ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «ሁለት መቶ ሜትር ውኃ ውስጥ ብትወርድ አትሞትም ማለት ነው» አለኝ። ለእኔ ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነልኝ። ጅቡቲ ባሕር ነው፤ አባቴ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ስለዚህ መኪናውን ይዞ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማየው ያንን ነበር። ተሳቢው በባሕሩ አሸዋ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ዓሦች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ፣ ረዳቱ ሰንበታ ከጋቢናው ውስጥ ሆኖ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። አባቴ ሲያቅፈኝ አንገቱ ጨው ጨው ስለሚል ጥርጣሬ አልነበረኝም። የቆላው ላብ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እረፍት ባገኘ ቀን ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው ጫፍ፣ ፀሐይዋ ወደምታርፍበት ይጎትተዋል። የአዳማ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሱ ፀሐይ ይፈልግ ነበር። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያደርግና በቀጭኗ ካቻቪቴ የሰዓቷን ጀርባ ይከፍታል። ቀጫጭኖቹን ቆጣሪዎች በወረንጦ አንስቶ በምትካቸው ከሌላ ሰዓት ያወጣቸውን ወፋፍራሞች ይተክላል። ቀጥሎ የሚያበራውን ቀለም በመርፌ ጫፍ እያነሳ ይቀባል፤ ያደርቅና ይደግመዋል፣ ያደርቅና ይደግመዋል። ወር በመጣ ቁጥር ቆጣሪዎቹ እየወፈሩ፣ ቀለሙም እየደለበ ሄደ። እኔ ለማሳመር መስሎኝ አጨበጭብለታለሁ።

ሰዓቷ ስታልቅ ፎቶ ይነሳል። አባቴ ከመተሐራ መንገድ ዳር ያነሳው አንድ ጥቁር ባልጩት ነበረን። ድንጋዩን በውኃ ያርሰውና ሰዓቷን ያስቀምጥበታል፤ እኔ በነጭ የብረት ሳህን ፀሐይዋን መልሼ እጥልላታለሁ። «ወደ ግራ... ትንሽ ዝቅ... ያዣት፣ ያዣት!» ይላል፤ ካሜራው ጠቅ ይላል። በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ሰዓቷ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው የምትለው። እኔ ከትምህርት ቤት የምገባው ያኔ ስለሆነ ሳይጠብቀኝ ፎቶ የማያነሳ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እኔም ቆጣሪዎቹን እዚያው አቆማቸዋለሁ፤ የዓለም የሰዓት ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ቆጣሪዎቹ ሲከፈቱ የፊቱን ጽሑፍ አይሸፍኑም። ቢሆንም ያቺ አሥር ሰዓት ከአሥር የእኔ ነበረች፤ ማንም አይወስድብኝም።

እነዚያ ቀኖች ሳቅ በሳቅ ነበሩ። አባቴ አጠገቡ ያለውን ብርጭቆ በክርኑ ይገፋል፣ የበረንዳውን ምሰሶ በትከሻው ይመታል። መሬት የወደቀች ጤፍ የምታክል ብሎን ያነሳና ዞር ሲል ድመቷን ይረግጣል። ሆን ብሎ እኔን ለማሳቅ ይመስለኝ ስለነበር ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቃል። እናቴ፣ መሰለች፣ ብቻ አትስቅም ነበር፤ የተሰበረውን ብርጭቆ ዝም ብላ ትጠርጋለች። ጨዋታ የማትወድ ሴት ናት እያልኩ አዝንባት ነበር።

አባቴ ዳፍንት ይዞት ነበር። ቀን ቀን ከፊት ለፊቱ ያለውን ከማንም አብልጦ ያያል፤ ከጎኑ ያለው ግን እየጠፋበት ሄዷል፤ ሲመሽማ ሁሉም ይዘጋበታል። አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም በሽታው ከዳር ወደ መሐል እየዘጋ እንደሚሄድና መድኃኒት እንደሌለው ነግሮታል። ይህን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። የጅቡቲ መስመር ደግሞ የማታ መንገድ ነው፤ ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ቆላ በቀትር ፀሐይ የሚነዳ ሰው ጎማው ይፈነዳበታል። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረበትን መሪ ከእጁ ላለማውጣት እየታገለ ነበር፤ የሚታገለው ደግሞ ሌላ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ነው።

ያ ሰው ሰንበታ ነው፤ ከሞጆ አለፍ ብላ ያለችው የዓለም ጤና ከተማ ልጅ፣ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ። በሹፌሮች ዘንድ ረዳት በማታ ጉዞ አይተኛም። ሹፌሩን እያጫወተ ማንቃት ሥራው ነው፤ ተኝቶ የተገኘ ረዳት በመናኸሪያው ሁሉ መሳቂያ ይሆናል። አባቴ ከዚህ ልማድ ጨዋታ ፈጥሮ ነበር። «ሰንበታ፣ ምን ታያለህ?» ይለዋል። ሰንበታም «ግመል በቀኝ፣ የቆመ መኪና በግራ፣ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ ጋሼ!» እያለ መንገዱን ያወራለታል። ቤታችን ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን እያስመሰለ ያሳየኛል። «ጋሼ ገሠሠ እንዳልተኛባቸው ነው እኮ፤ ጮሌ ናቸው» ይላል እየሳቀ።

ከእኔ ጋር የሚጫወተው ደግሞ ሌላ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስተኛ፣ አዲስ የተቀባችውን ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጠን እስከ መቶ እንቆጥራለን። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት እንሮጣለን፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ሁለታችን ወፍራሙ ብርድ ልብስ ውስጥ ጭንቅላታችንን ይዘን እንገባለን። እዚያ ውስጥ ሌላ አገር ነበር። አባቴ የናፍጣና የሎሚ ሳሙና ይሸታል፤ ትንፋሻችን ይሞቃል፤ ሰዓቷ በመሐላችን በአረንጓዴ ብርሃን ታበራለች። ከሶደሬ ስንመለስ ከዳገቱ ላይ ሆነን የምናያትን የአዳማን መብራት ትመስለኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት መብራቶች ያሏት፣ ሰው የሌለባት፣ ጸጥ ያለች ከተማ። ብርሃኗ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ያሸንፋል።

«አለች?» ይላል አባቴ።

«አለች!»

«ከእኔስ ጠፋች።»

«ኧረ አለች አባዬ! ይኸው እኮ!»

«በይ አሸነፍሽኝ።»

አንድም ቀን አሸንፎኝ አያውቅም። አባት ለልጁ እንደሚሸነፈው ያለ መሸነፍ ነው ብዬ በልቤ እኮራበት ነበር። አሁን ሳስበው፣ አባቴ እዚያ ጨለማ ውስጥ ገና ከገባን ጀምሮ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያይ ልጁ እስክትጠግብ ይጠብቅ ነበር።

ሌላም ምሥጢር ነበረን። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር በሩን ቆልፋ ጉበት ትጠብስለታለች። ጾም ገድፋ የማታውቅ ሴት ናት። ምጣዱን በመጋረጃ ከልላ፣ ሽታው እንዳይወጣ መስኮቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፋ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኛለች። ከመንገድ ለመጣ አባት የሚደረግ ግብዣ መስሎኝ ለምን እኔን እንደማያቀርቡኝ አኮርፋለሁ። ጉበት ለዳፍንት ፍቱን ነው ይባላል። እሱ እየተናነቀው ይውጣል፤ እሷ ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ለዚያ ስንት ጊዜ ንስሐ እንደገባች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?» ትላለች እናቴ። «ብቻህን አይደለህም እኮ፤ የሰው ልጅ ነው አብሮህ ያለው።»

«ሰዓቶቹ ኮፒ ስለሆኑ ይሆናል የማይታዩኝ፣ መሰለች። የኮፒ ቀለም ደካማ ነው።»

«ልጅቷ ታያቸው የለም ወይ?»

«የልጅ ዓይን ነዋ። ሳሊህ ኦሪጅናሏን አገኘሁልህ ብሎኛል። እሷም ካልታየችኝ በቃ፤ ከመኪናው እወርዳለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ሲና ትሙት!»

በስሜ ሲምል አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። የገባኝ ይህ ነው፤ አባቴ በአዲሷ ሰዓት ከተሸነፈ መኪናውን ይተዋል። ባሕሩ፣ ዓሦቹ፣ ሳሊህ፣ ሁሉም ይቀራል። ሰፈራችን ውስጥ ከመኪና የወረዱ ሹፌሮች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ አጥር ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን ተሳቢ ይቆጥራሉ። አባቴን እዚያ አጥር ሥር አየሁት። ይህ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ እኔ ሁልጊዜ ስለማሸንፈው ነው። ራሴን ጠላሁ፤ ሁለተኛ አላሸንፈውም ብዬ ትራሱን ነከስኩ።

ኦሪጅናሏ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች። ሣጥን ነበራት፣ ወረቀት ነበራት፤ አባቴ ከመክፈቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ። ሳያት ቅር አለኝ። ከኛዎቹ ታንሳለች፤ ቆጣሪዎቿም ቀጫጭን ናቸው። አባቴ ግን አልነካካትም፣ አልፈታትም። ፀሐይ ላይ አስቀመጣትና እስከ ሦስት መቶ ቆጠርን። የእሱ ድምፅ ከመቶ በኋላ ጠፋ፤ ሦስት መቶ ያደረስኩት ብቻዬን ነው።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ስንገባ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰዓቷ እንዴት ታበራ እንደነበር ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ብርሃን አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ኦሪጅናል በእጄ ቢገባም አላየሁም። የአባቴ አፍንጫ ታየኝ፤ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ያለው ላብ ታየኝ። ዓይኖቹ ተበርግደው ነበር፤ የሚያዩት ግን ሰዓቷን ሳይሆን ከሷ ከፍ ብሎ ያለውን ባዶ ነገር ነው። ለምን ወደ ሰዓቷ እንደማያይ ገረመኝ።

«አለች?» አለኝ።

«የለችም» አልኩት።

«አንቺም አታዪም?»

«ጨለማ ነው አባዬ።» ይህን ስል ሰዓቷን በመዳፌ ጨብጬ ነበር። ብርሃኑ በጣቶቼ መሐል ይሾልካል፤ ያየዋል ብዬ ጣቶቼን ይበልጥ አጣበቅሁ።

ብርድ ልብሱን ከላያችን ወረወረው። «መሰለች! ኮፒ ናት! ሳሊህ ኮፒ ነው የሰጠኝ!» እያለ ከአልጋው ዘሎ ወረደ፤ እኔንም አንስቶ አዞረኝ። ተታለልኩ ብሎ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም። ወዲያው ስልኩን አንስቶ ሳሊህ ላይ ጮኸበት፤ እየሳቀ ነበር የሚጮኸው። ሳሊህ ከወዲያ «ወላሂ ኦሪጅናል ናት! ወላሂ!» ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። እናቴ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ሲናዬ፣ እውነትሽን ነው?» አለችኝ። «እውነቴን ነው» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር። ለአባቴ ባሕሩን ያስመለስኩለት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ካሜራውንና ሰዓቷን ይዞ ብቻውን መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ካሜራው ጠቅ ሲል ከውጭ ሰማሁ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ አይስቅም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰንበታ ከበር ላይ ክላክስ አደረገ። አባቴ ሰዓቷን እጁ ላይ አሰራት፤ ካሜራውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን በሰው ተሞላ። «መኪናው በሰቃ ገባ» ይላሉ። በሰቃ የመተሐራ ሐይቅ ነው፤ ውኃው እያደገ መጥቶ ከመንገዱ ጠርዝ ደርሷል። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። አባቴ እስከ ጅቡቲ መታገሥ አቅቶት ሰዓቷን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሞክሯታል! በሴቶቹ መሐል እየተሽሎከሎክሁ «ሰዓቷ ሠራች? ስንት ሜትር ወረደ?» እያልኩ ጠየቅሁ። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላዋ «አይ የልጅ ነገር» ብላ ወደ ደረቷ ሳበችኝ፤ ምን እንዳስለቀሳት አልገባኝም።

ሆስፒታል ሲወስዱኝ አባቴ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ሰዓቷ እጁ ላይ ትሄዳለች። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ሰንበታ ተኝቷል፤ ቀኝ እግሩን የጋቢናው ብረት ጨፍልቆት ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከባሕሩ ታሪክ ውስጥ የወጣሁት ያኔ ነው። ሰው ሳይነግረኝ፣ እዚያ በር ላይ እንደቆምኩ፣ በዋሸሁት ቃልና በዚያ እግር መሐል አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ምን እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ፈራሁ። ለማንም ሳልናገር አደግሁ።

አባቴ ግመል ገባብኝ አለ። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ዓይኖቹ ጨርሰው ጠፉ። ሰፈሩ ሁሉ «ያ አደጋ ነው ዓይኑን የነሳው» አለ፤ አባቴ ሲባል ሰምቶ ዝም አለ፤ እናቴም ዝም አለች። ሰንበታ አንድ እግሩ አጥሮ ዓለም ጤና ገባ፤ ሽንኩርት አምራች ሆነ፤ አገባ፣ ወለደ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ምርቱ ሲነሳ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት በራችን ላይ ይወርዳል። እንዴት ቢወደን ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

ወደ ባለፈው ጥር ልመለስ። ሰዓቷን አንስቼ ከለጠፍኩ በኋላ፣ ለመሳይ መልስ ሳላገኝ፣ የአባቴን አሮጌ ካሜራ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳደርገው ተከፈተ። ባልጩቱ፣ እርጥቡ ድንጋይ፣ የሳህኔ ብርሃን፣ አሥር ሰዓት ከአሥር፣ አሥር ሰዓት ከአሥር። የመጨረሻው ፎቶ ብቻ ጨለማ ውስጥ የተነሳ ነው። አባቴ የካሜራውን ዓይን ለአሥራ አምስት ሴኮንድ ከፍቶት ነበር። ሰዓቷ ብርድ ልብሱን የምታቃጥል እስክትመስል ድረስ ትነድዳለች። ቀኑ ያ ቀን ነው። እኔ «የለችም» ካልኩ በኋላ፣ ሰንበታ ክላክስ ከማድረጉ በፊት።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ፎቶውን አይተኸዋል?»

የትኛውን ፎቶ ብሎ አልጠየቀኝም። «አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«ካሜራው በርታለች አለኝ፤ ልጄ ጠፍታለች አለችኝ።» ጉንጩን በእጁ ጀርባ አሸት አሸት አደረገ። «ካሜራውን ባምን እቤት መቀመጤ ነው። አንቺን ማመን ይሻለኝ ነበር። ደስ ብሎኝ አልሄድኩም፤ ግን ሄድኩ። ሰንበታንም ዛሬ ተኛ አልኩት። ብቻዬን እችላለሁ ወይ ብዬ ልሞክር ነበር። የሱን ዓይን ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ እንደነዳሁ አያውቅም።»

አለቀስኩ። መጀመሪያ ቀለለኝ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩ ስኖር እሱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቅ ነበር። ልጮህበት አፌን ስከፍት ግን በሩ ላይ የሚወርደው ጆንያ ትዝ አለኝ።

«አባዬ፣ ሰንበታ ዓይንህ በምን የጠፋ ይመስለዋል?»

አባቴ የወንበሩን ክንድ ዳበሰ።

«አባዬ!»

«በአደጋው ነዋ» አለ በመጨረሻ። «እሱ ስለተኛ።»

በነጋታው በሞጆ በኩል ዓለም ጤና ሄድን። ሰንበታ ከሽንኩርቱ መሐል ሲያየን እያነከሰ ሮጦ መጣ። የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። «አካም ጅርቱ ጋሼ? ዓይንዎስ? ዛሬም ሕክምና አልተገኘለትም?» አለ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን እንደነበር ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት። ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ጆንያ አነጠፈልን፤ የውኃው ሞተር ከወዲያ ይንደቀደቃል። ሚስቱ ሻሼ ከማሳው ማዶ ሽንኩርት ትነቅል ነበር።

አባቴ ሁሉንም ነገረው። ዳፍንቱን፣ ሐኪሙን፣ «ምን ታያለህ?» የሚለውን ጨዋታ፣ ግመል የሚባል ነገር እንዳልነበረ። ሲጨርስ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፤ አንቺ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አላልኩም። «ሰንበታ፣ ሰዓቷን አላየሁም ያልኩት እኔ ነኝ። አይቻታለሁ። እኔ ባልዋሽ አይሄድም ነበር፤ አንተም አትተኛም ነበር» አልኩት።

ሰንበታ እኔን አላየኝም። የሚያየው አባቴን ነው።

«ከአደጋው በፊት ነው እንዴ ዓይንዎ...?»

«ከአደጋው በፊት ነው።»

«እኔ ባልተኛስ?»

«አንተ ባትተኛም ይጠፋ ነበር። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኛል።»

«እኔ እኮ...» አለ ሰንበታ። «ሹፌር ተኛ ቢለውስ፣ ረዳት ይተኛል? እያልኩ። እስከ ዛሬ ማታ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሻሼን ጠይቋት።»

አባቴ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ። ሰንበታ አልጠበቀውም። ባጭሩ እግሩ እየተጎተተ ተነሳና በሽንኩርቱ መደብ መሐል ገብቶ በኦሮምኛ ጮኸ፤ «ሻሼ! ኢጀ ኢሳኒ ከን ባሌሴ አና ሚቲ!» አለ። ዓይናቸውን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም ነው የሚላት። አባቴ ቋንቋውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንገቱን ሲደፋ አየሁት። ሻሼ ሽንኩርቱን ከእጇ ጥላ ቀና አለች፤ ሰምታዋለች። እሱ ግን ደግሞ ጮኸላት።